ወይዘሮ አልጣሽ ሕንድ አገር የከረሙበት ዓመት

ወይዘሮ አልጣሽ ንፋስ መውጫ ላይ፣ ከገበያው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ሁለት ቤት ነበራቸው። አንዱ የሣር ክዳን፣ አንዱ ቆርቆሮ። በሣሩ ቤት ራሳቸው ይኖራሉ፤ ቆርቆሮውን ለመንግሥት ሠራተኛ ያከራያሉ። ትውልዳቸው ታች ጋይንት፣ አርብ ገበያ አጠገብ ነው። ወደ ንፋስ መውጫ ያመጧቸው ባላቸው መሪጌታ ይርዳው ነበሩ። መሪጌታ ጋይንት ካለችው ቤተ ልሔም ገብተው ድጓ ያስመሰከሩ፣ ድምፃቸው የተወደደ ሰው ነበሩ፤ ተስቦ በገባበት ዓመት ሞቱ። የወለዷቸው ሁለት ልጆች ከዚያ በፊት በሕፃንነታቸው አርፈዋል። ወይዘሮ አልጣሽ ከዚያ በኋላ ባል አላገቡም። መሬታቸውን ለእኩል አራሽ ሰጥተው፣ ጥጥ እየፈተሉ ይኖሩ ነበር። ፈትላቸው ቀጭን ስለነበር ሸማኔው ራሱ ቤታቸው ድረስ እየመጣ ይወስደዋል።

በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ግድም ለትምህርት ቤቱ የሕንድ አስተማሪ መጣ። ማታይ ይባላል፤ ሂሳብ ነው የሚያስተምረው። ሚስቱ አናማም አስተማሪ ነበረች። ቆርቆሮውን ቤት ሲከራዩ ጎረቤቱ ሁሉ ወይዘሮ አልጣሽን ገሠጻቸው። ላም የሚያመልኩ ሰዎች ናቸው ተባለ። እሳቸውም መጀመሪያ ላይ ዕቃቸውን ለየት አድርገው ያስቀምጡ ነበር። አንድ ቀን ግን በሩ ተከፍቶ ሲያልፉ፣ ግድግዳው ላይ የእመቤታችንን ሥዕል አዩ። አናማ ከሥዕሉ ፊት ቆማ ታማትባለች። ወይዘሮ አልጣሽ ደጁ ላይ ቆመው እስክትጨርስ ጠበቋት፤ ስትጨርስም፣

«ክርስቲያን ነሽ?» አሏት።

«ክርስቲያን» አለች አናማ። ያን ጊዜ የምታውቃቸው የአማርኛ ቃላት ጥቂት ነበሩ፤ ይህኛው አንዱ ነበር።

በዓመቱ ኅዳር ላይ አናማ ሴት ልጅ ወለደች። ራሔል አሏት። የጋይንት ብርድ ለአራስ የሚመች አይደለምና ከወለደች በኋላ ውጋት ያዛት፣ ትኩሳቱም አልለቅ አላት። ወይዘሮ አልጣሽ ያን ጊዜ የራሳቸውን ቤት ዘግተው ቆርቆሮው ቤት ገቡ። ገንፎ አገነፉላት፣ ገላዋን አጠቧት፣ ሕፃኗንም ጥጥ የላም ወተት ውስጥ እየነከሩ መገቧት። እናት ስትድን ልጅቱ እሳቸው እቅፍ ውስጥ ቀረች። አናማ ወደ ማስተማሩ ከተመለሰች ወዲህ ራሔል ቀኑን ሙሉ በሣሩ ቤት ትውላለች፤ የአባት የእናቷን ቋንቋ የምትሰማው ማታ ብቻ ነው። አፏን ስትፈታ «እማማ» ብላ የጠራችው ወይዘሮ አልጣሽን ነው።

ራሔል ሦስት ዓመት ባለፋት በዚያ ሰኔ፣ ማታይ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ወደ ራሱ ቤት አልገባም፤ ሣሩ ቤት መጥቶ መደቡ ላይ ተቀመጠ።

«እማማ፣ አንድ ነገር ልለምንዎ ነው የመጣሁ።»

«ምን ሆንክ ልጄ? ፊትህ ልክ አይደለም።»

«ለክረምት እረፍት አገራችን ልንሄድ ነው። እናቴ ራሔልን አይታት አታውቅም። አናማ ደግሞ እንደሚያዩዋት ነች፤ የበላችው አይረጋላትም።» አናማ ሁለተኛዋን ካረገዘች ጥቂት ወር ሆኗታል። «ራሔል ያለ እርስዎ አትበላም፣ ያለ እርስዎ አትተኛም። አብረውን ይምጡ።»

«የት? ሕንድ?»

«ሕንድ። እንደ ሠራተኛ አይደለም፤ እንደ ዘመድ ነው። እናቴ ቤት እንግዳ ሆነው ይከርማሉ፤ መስከረም ላይ እንመለሳለን።»

ወይዘሮ አልጣሽ ከደብረ ታቦር አልፈው አያውቁም። እንዝርታቸውን አስቀመጡ። ራሔል ከኋላቸው ጀርባቸው ላይ ተንጠልጥላ ፀጉራቸውን ትጎትታለች።

«መምሬን ልጠይቅ» አሉ በመጨረሻ።

መምሬን ከመጠየቃቸው በፊት ግን ወሬው ጎረቤታቸው ይታይሽ ጆሮ ደረሰ። ይታይሽ እየሮጠች መጣች።

«አልጣሽ፣ አብደሻል እንዴ? ባሕር ላይ ብትሞች ማን ይቀብርሻል? ዓሣ ነው የሚበላሽ!»

«እዚህስ ብሞት የትኛው ልጄ ነው የሚቀብረኝ?»

«እኔ አለሁ አይደል?»

«አንቺማ አለሽ» አሉ ወይዘሮ አልጣሽ።

የነፍስ አባታቸው መምሬ ቀለመወርቅ ነገሩን ረጋ ብለው ሰሙት። «ሃይማኖታቸው ምን ነው ይላሉ?» ብለው ጠየቁ።

«ሐዋርያው ቶማስ ያስተማረን ነን ይላሉ።»

«ቶማስ ሕንድ አገር ማስተማሩን ስንክሳር ይናገራል። እውነታቸውን ይሆናል።» ጺማቸውን ይዘው ቆዩ። «ቁርባናቸው ከእኛ ጋር አንድ ይሁን አይሁን ግን አላውቅም። ቆመሽ አስቀድሺ፤ አትቁረቢ። ጾምሽን ጠብቂ። የቀረውን ስትመለሺ እንነጋገራለን።»

ሐምሌ እንደገባ ተነሡ። እስከ ደብረ ታቦር በበቅሎ፣ ከዚያ ጎንደር በጭነት መኪና፣ ከጎንደር አሥመራ በአውቶቡስ። ምጽዋ ሲደርሱ ወይዘሮ አልጣሽ ሙቀቱን አይተው ገሃነም የሚባለው ይህ ነው ብለው አሰቡ። መርከቡ ኤደንን እስኪያልፍ ድረስ ባሕሩ ዝም ያለ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን የክረምት ማዕበል ያዛቸው። ማታይ ወደቀ፣ አናማ ወደቀች። ወይዘሮ አልጣሽ ከባላቸው አፍ የለመዱትን ውዳሴ ማርያም በቃላቸው እየደገሙ፣ በአንድ እጃቸው ራሔልን በሌላው የአናማን ግንባር ይዘው ሰነበቱ። ቦምቤ ላይ መሬት ሲረግጡ መሬቱ ራሱ የሚወዛወዝ መሰላቸው። ከዚያ ደግሞ ባቡር። ባቡሩ ወደ ደቡብ በሄደ ቁጥር አገሩ አረንጓዴ እየሆነ፣ ውኃ እየበዛበት መጣ።

የማታይ መንደር ኬራላ ከሚባለው አገር፣ ከሩዝ ማሳ መካከል ነው። ሲደርሱ ዝናብ ይዘንብ ነበር። ወይዘሮ አልጣሽ ነጠላቸውን ተከናንበው ከታንኳ ሲወርዱ፣ ጠብታው እጃቸው ላይ አርፎ ደነገጡ። ዝናቡ ሞቃት ነው። በጋይንት ዝናብ ማለት አጥንት የሚገባ ብርድ ነው፤ በረዶ ነው፤ እሳት ዳር መቀመጥ ነው። እዚህ ግን ሴቶቹ ማሳው ውስጥ ጎንበስ ብለው፣ ከቅጠል የተሠራ እንደ ገሳ ያለ ነገር ደፍተው፣ ሞቃቱ ዝናብ እየወረደባቸው ሩዝ ያርማሉ።

የማታይ እናት በረንዳ ላይ ቆመው ይጠብቁ ነበር። ከላይ እስከ ታች ነጭ ለብሰዋል። ወይዘሮ አልጣሽ ከሩቅ ሲያዩዋቸው ልባቸው ዘለለ፤ የአገራቸውን ሴት ያዩ መሰላቸው። ቀረብ ሲሉ ነው በጆሯቸው ጫፍ ላይ የተንጠለጠለውን ትልቅ የወርቅ ጉትቻና ጠይም የተሸበሸበ ፊታቸውን ያስተዋሉት። ስማቸው ማርያማ ነው፤ ቤተሰቡ ግን አማቺ ይላቸዋል፤ እናታችን እንደማለት ነው።

አማቺ ልጃቸውን ሳሙ፣ ምራታቸውን ሳሙ፤ ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው ወደ ራሔል ጎንበስ አሉ። ልጅቱ ወደ ኋላ ሸሸች። የወይዘሮ አልጣሽን ቀሚስ ጨምድዳ ይዛ ፊቷን ቀበረችበት።

«እማማ! እማማ!»

አማቺ ቀና አሉ። ፊታቸው ላይ የነበረው ፈገግታ ሲጠፋ ወይዘሮ አልጣሽ አዩ፤ ምክንያቱን ግን አላወቁም።

የመጀመሪያው ሰሞን እንዲህ ሆኖ አለፈ። መስተንግዶ አልጎደለም። ገላ መታጠቢያ ውኃ እየተሞቀ ይቀርባል፤ ጥሩው ወንበር ለወይዘሮ አልጣሽ ነው፤ ምግቡ በሰፊ የሙዝ ቅጠል ላይ መጀመሪያ ለእሳቸው ይቀርባል፤ እሳቸው ሳይጨርሱ አማቺ አይቀምሱም። ሥራ ልንካ ቢሉ አማቺ ከእጃቸው ይነጥቃሉ። ግን ዓይናቸውን አያዩም። እንግዳውን ማክበሩ ሙሉ ነበር፤ ፍቅር ግን አልነበረበትም። ወይዘሮ አልጣሽ በሰው ቤት እንዲህ ተከብረው እንዲህ ብቸኝነት ተሰምቷቸው አያውቅም። ራሔልም ባሰባት፤ አያቷ ወደ ክፍሉ በገቡ ቁጥር ከወይዘሮ አልጣሽ ሥር ትወሸቃለች።

አንድ ጠዋት ማታይን በረንዳው ጥግ ያዙት።

«እናትህ በምን ተቀየሙኝ?»

«አልተቀየመችም፣ እማማ…»

«ማታይ፣ እኔ ሕፃን አይደለሁም።»

ማታይ መሬት መሬቱን አየ። «በእኛ ቋንቋ ‹አማማ› ማለት አያት ማለት ነው። ራሔል እርስዎን ‹እማማ› ስትል እናቴ የምትሰማው እሱን ነው። በየቀኑ አያት እያለች የምትጠራው ሌላ ሰው ነው። ቃሉ ሌላ ነው ብዬ አስረድቻታለሁ። ገብቷታል። ግን ልቧ አልተቀበለውም።»

ወይዘሮ አልጣሽ ወደ ጓዳው በር አየት አደረጉ። «እውነታቸውን ነው» አሉ። «እኔም ብሆን ያቃጥለኛል።»

በዚያው ሰሞን አናማ ወላጆቿን ልትጠይቅ ትፈልግ ነበር። መንደራቸው በውኃው ማዶ በታንኳ ግማሽ ቀን የሚያስኬድ ነው። ሁሉም ያሰበው ወይዘሮ አልጣሽ ከራሔል ጋር ቤት እንደሚቀሩ ነበር። ወይዘሮ አልጣሽ ግን ጠዋት ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሡ።

«አናማ ብቻዋን አትሄድም፤ ሰውነቷ ደካማ ነው። እኔ አብሬያት እሄዳለሁ። ራሔል ከአያቷ ጋር ትቅር።»

«ታለቅሳለች» አለች አናማ።

«ታልቅስ።»

አለቀሰች። ታንኳው ከዳር ሲርቅ ጩኸቷ በውኃው ላይ ይከተላቸው ነበር። አናማ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ዞራ ዞራ ታያለች። ወይዘሮ አልጣሽ አልዞሩም፤ ጉልበታቸውን አቅፈው ፊት ለፊታቸው ያለውን ውኃ እያዩ ሄዱ። የአናማ ወላጆች ደግ ሰዎች ነበሩ፤ እነሱ ዘንድ ሰንብተው ሳለ ግን ወይዘሮ አልጣሽ ጠዋት ጠዋት ታንኳው ወደመጣበት አቅጣጫ እያዩ ይቆሙ ነበር።

ሲመለሱ ዝናቡ አባርቶ ነበር። አማቺ በረንዳው ላይ እግራቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። ራሔል ጭናቸው ላይ ናት፤ ከአንድ ትልቅ ቢጫ ፍሬ እየፈለፈሉ ያጎርሷታል። ልጅቱ ቀና ብላ ወይዘሮ አልጣሽን አየች። አፏ እንደሞላ ፈገግ አለችላቸው። ከዚያ ዞር ብላ «አማቺ!» አለችና ለሌላ ጉርሻ አፏን ከፈተች።

ወይዘሮ አልጣሽ ደስ አላቸው። እንደ ውጋት ያለ ነገርም ጎናቸውን ወጋቸው። ሁለቱም አንድ ላይ ነው የመጡት፤ የትኛው እንደሚበልጥ ለማወቅ አልሞከሩም።

አማቺ ልጅቱን ከጭናቸው አወረዱ። ወደ ጓዳ ገብተው በመዳብ ዕቃ ውኃ ይዘው መጡ። የቤት እመቤት የምትሠራው ሥራ አልነበረም፤ ለዚህ አገልጋይ ልጃገረዶች ነበሩ። አማቺ ግን ራሳቸው ቁጢጥ ብለው የወይዘሮ አልጣሽን እግር ከጭቃው አጠቡ። ወይዘሮ አልጣሽ እግራቸውን ሊሰበስቡ ሲሉ አማቺ ቁርጭምጭሚታቸውን ጠበቅ አድርገው ያዙ፣ ቀና ብለውም ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይናቸውን አዩ።

ከዚያ ወዲያ ሁለቱ ሴቶች አልተለያዩም። ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ይቀመጣሉ። ወይዘሮ አልጣሽ ይፈትላሉ፤ አማቺ ቁንዶ በርበሬ ይለቅማሉ። ወይዘሮ አልጣሽ በአማርኛ ይናገራሉ፣ አማቺ በራሳቸው ቋንቋ ይመልሳሉ፤ አንዱ ስለ ሞተ ባሏ ስታወራ ሌላዋ ስለ ዶሮ ታወራ ይሆናል፣ ግን ይግባባሉ። ሲቸግራቸው ራሔልን ይጠራሉ። እሷ ደግሞ መተርጎሙ ሲሰለቻት ያልተባለውን ትጨምራለች። አንድ ቀን «አማቺ ከረሜላ ስጪያት አለች» ብላ ተርጉማ፣ ወይዘሮ አልጣሽ ኪሳቸውን ሲፈትሹ አማቺ በሳቅ ፈነዱ።

እሑድ እሑድ አብረው ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ። ወይዘሮ አልጣሽ መግቢያው ላይ የሴቱ ሁሉ ጫማ መደርደሩን ሲያዩ የራሳቸውን አውልቀው አብረው አኖሩ፣ ልባቸውም ረጋ። ቋንቋው አንድም አይገባቸውም ነበር፤ በመሐል ግን ካህኑ «ኪርያላይሶን» ሲሉ ሰሙ። ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አድርገው አለቀሱ። መሪጌታን ያስታወሷቸው በዚያ ቃል ነው። መምሬ እንዳዘዟቸው ቆመው አስቀደሱ እንጂ አልቆረቡም።

ከአናማ ወላጆች ቤት የተመለሱ ዕለት ጀምሮ ቤተሰቡ ሥጋም፣ ወተትም፣ እንቁላልም መተዉን ወይዘሮ አልጣሽ ልብ ብለዋል። ለእሳቸው ግን እንቁላል ይቀርብላቸዋል። ማታይን ቢጠይቁት «የእመቤታችን ጾም ነው» አላቸው።

«ፍልሰታ? ፍልሰታማ ገና ነው! ሐምሌ አላለቀም።»

«በእኛ አቆጣጠር ገብቷል። እርስዎ እንግዳ ስለሆኑ ነው እናቴ እንቁላል የምታዘጋጅልዎ።»

«እነሱ እየጾሙ እኔ እንቁላል ስበላ ነበር?» ብለው ሳህኑን ገፉት። ያን ቀን ጀምረው ከነሱ ጋር ተዉ። ነሐሴ ሲብት የራሳቸው ጾም ገባ፤ ከዚያ ደግሞ እንደ አገራቸው ወግ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምሱም። አንድ ቀን አማቺ በነጭ መረቅ የተሠራ የጎመን ወጥ ቢያቀርቡላቸው «ወተት ነው» ብለው አልነካም አሉ። አማቺ እጃቸውን ይዘው ወደ ጓዳ ወሰዷቸው፤ ኮኮናት የሚባለውን ፍሬ ሰብረው፣ ፈቅፍቀው፣ ጨምቀው ነጩን ውኃ አሳዩዋቸው።

«ዛፍ ይታለባል እንግዲህ» አሉ ወይዘሮ አልጣሽ፤ በሉም።

የቤተሰቡ ጾም ግን ቀድሞ የገባ ነውና ቀድሞ ወጣ። በፍስኩ ቀን ዘመድ ሁሉ ተሰበሰበ። ዳክዬ ታርዷል፣ ዶሮ ታርዷል። የሙዝ ቅጠሉ ተዘረጋ። የማታይ ወንድም ሚስት ወይዘሮ አልጣሽ ፊት ትልቁን ብልት ስታኖርላቸው፣ እሳቸው እጃቸውን በቅጠሉ ላይ ጋረዱ። ደግማ ልታኖር ሞከረች፤ ደግመው ጋረዱ። የሚበላው ሁሉ እጁን አቆመ። እንግዳይቱ የተቀየሙ መሰላቸው።

ማታይ ተነሥቶ ለዘመዶቹ አስረዳ፤ በእሳቸው አገር አቆጣጠር ጾሙ ገና እኩሌታው ነው፣ አሁን ቢበሉ ጾም መግደፍ ይሆንባቸዋል። አንዳንዱ ሳቀ፣ አንዳንዱ ራሱን ነቀነቀ። አማቺ ግን አልሳቁም። የራሳቸውን ቅጠል ከነሥጋው ወደ ልጃቸው ገፉ። ከቦታቸው ተነሥተው መጥተው ከወይዘሮ አልጣሽ ጎን ተቀመጡ፣ ሩዝና ምስር አስመጡ።

«ምን አሉ?» አሉ ወይዘሮ አልጣሽ።

ማታይ ድምፁ ዝቅ ብሎ፣ «‹እሷ የምትጾመው ለእመቤታችን ነው፤ እኔም የጾምኩት ለእመቤታችን ነው። ከእሷ ጋር እፈታለሁ› አለች» አላቸው።

«አይሆንም! የእሳቸው አልቋል! እንዲበሉ ንገራቸው፣ በኔ ምክንያት አይራቡ።»

ማታይ ነገራቸው። አማቺ ግን ምስሩን ከሩዙ ጋር ለውሰው መጀመሪያ ወይዘሮ አልጣሽን አጎረሷቸው። በዚያ አገር ማጉረስ የለም፤ ከራሔል ነው ያዩት።

ከዚያ በኋላ አማቺ ሁለት የአማርኛ ቃል ተማሩ። ጠዋት ጠዋት ወይዘሮ አልጣሽ ጸሎታቸውን ሲጨርሱ መጥተው «ዛሬ?» ይላሉ። ወይዘሮ አልጣሽ «ገና» ይላሉ። አማቺም «ገና» ብለው ወደ ሥራቸው ይሄዳሉ። አንድ ጠዋት እንደ ልማዳቸው መጥተው «ዛሬ?» ሲሉ፣ ወይዘሮ አልጣሽ «ዛሬ!» አሉ። አማቺ እንደ ልጃገረድ እጃቸውን አጨብጭበው ዶሮ ሊያሲዙ ወጡ።

የመመለሻው ቀን ሲቃረብ ማታይና አናማ አብረው መጥተው ከወይዘሮ አልጣሽ ፊት ተቀመጡ። አናማ ጀመረች።

«እማማ፣ ራሔልን እዚህ ልንተዋት አስበናል። ሌላው ሲወለድ አልችልም። እዚህ በቋንቋዋ ትማራለች።»

«አያቷ ጠየቁ?»

«ጠየቁ።»

«ታዲያ እኔን ምን አስጠየቃችሁ?»

«ያሳደጓት እርስዎ ነዎት» አለ ማታይ።

ወይዘሮ አልጣሽ ተነሥተው ግቢው ውስጥ ወዳለው የውኃ ጉድጓድ ሄዱ፤ ጠርዙን ይዘው ቆዩ። ራሔልን ወደ አያቷ የገፏት ራሳቸው ናቸው። ያን ባያደርጉ ኖሮ ልጅቱ ዛሬም ቀሚሳቸውን ይዛ ነበር፤ ማንም እዚህ ትቅር አይልም ነበር። ይህን አሰቡ። ደግሞም አማቺ ልጅቱን ሲያጎርሱ የነበረውን ፊታቸውን አሰቡ። ተመልሰው መጡ።

«እሳቸው አርጅተዋል» አሉ። «እኔ የሚወለደውን አቅፋለሁ። ትቅር።»

በመሄጃቸው ቀን አማቺ ራሔልን አዝለው እስከ ታንኳው ድረስ ሸኟቸው። ራሔል፣

«እማማ፣ ገበያ ነው የምትሄጂው?» አለች።

«አዎ፣ ገበያ ነው» አሉ ወይዘሮ አልጣሽ።

ሁለቱ ሴቶች ጉንጭ ለጉንጭ ተሳሳሙ። አማቺ እጃቸውን አልለቅ አሉ። የሚሉትን ፈልገው አጡና በሚያውቁት ቃል፣

«ገና» አሉ። «ገና፣ ገና።»

ንፋስ መውጫ የገቡት መስቀል ካለፈ በኋላ ነው፤ ገብሱ ደርሷል። ጎረቤቱ ሁሉ ቤቱን ሞላው። «ምን አየሽ? ንገሪን!» አሉ።

«ዝናቡ ሞቃት ነው» አሉ ወይዘሮ አልጣሽ።

ሰዉ ሳቀ። ይታይሽ «ባሕሩም ቀዝቃዛ እሳት ነው በይና!» አለች፤ ሳቁ ባሰ። ወይዘሮ አልጣሽም አብረው ሳቁና ስለ ሕንድ ከዚያ በኋላ ማንም ቢጠይቃቸው «ደኅና አገር ነው» ብቻ ይሉ ጀመር። ለመምሬ ቀለመወርቅ ስለ ቅዳሴው ነገሯቸው፤ ለልጅ ዋሽቻለሁ ብለውም ተናዘዙ። መምሬ ስግደት አዘዙላቸው። ታኅሣሥ ላይ አናማ ወንድ ልጅ ወለደች፤ ቶማስ ተባለ። ወይዘሮ አልጣሽም እንዳሉት አቀፉት።

ከሁለት ክረምት በኋላ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ማታይ ከትምህርት ቤት ያለ ሰዓቱ መጣ። ደጁ ላይ ቆሞ በእጁ የያዘውን ቴሌግራም አሳያቸው። ወይዘሮ አልጣሽ እንዝርታቸው ከእጃቸው ወደቀ።

«እናትህ?»

ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

እሪ አሉ። ጎረቤቱ ማን እንደሞተ ሳያውቅ ሮጦ መጣ። ሲያውቅ ደግሞ ግራ ገባው፤ ሕንድ አገር ለሞተች፣ ዓይቶ ለማያውቃት ሴት እንዴት ይለቀሳል? ወይዘሮ አልጣሽ ግን መቀነታቸውን ታጥቀው ቆሙ። ቆርቆሮው ቤት ፊት ለፊት ድንኳን ተጣለ። መምሬ ቀለመወርቅ ለጸሎተ ፍትሐት መጥተው፣

«የክርስትና ስማቸው ማን ይባላል?» አሉ።

«ማርያማ።»

«እንዲሁ ማርያም?»

«እንዲሁ።»

መምሬ ጥቂት አሰቡ። «የእመቤታችንን ስም ለሰው እንዲሁ አንጠራም። ወለተ ማርያም ብዬ አነሣቸዋለሁ።»

«ያንሡልኝ፣ አባቴ።»

ጸሎቱ ካለቀ በኋላ ሴቶቹ ድንኳኑ ውስጥ ተሰብስበው ተቀመጡ። ከወይዘሮ አልጣሽና ከአናማ በቀር ሟቿን የሚያውቅ አልነበረም። ይታይሽ ናት የጀመረችው። ወደ ወይዘሮ አልጣሽ ተጠግታ፣ በለስላሳ ድምፅ፣

«በይ ንገሪን እንግዲህ። ምን ዓይነት ሴት ነበሩ?» አለች።

ወይዘሮ አልጣሽ ያን ጊዜ ነው ሁሉንም የተናገሩት፤ ታንኳውን፣ የእግር ውኃውን፣ ጾሙን። እናቴ ከሴቶቹ መካከል እዚያ ድንኳን ውስጥ ነበረች፤ እኔ ይህን ታሪክ የሰማሁት ከሷ ነው። ማንም አልሳቀም አለችኝ። ይታይሽ ማልቀስ ጀመረች፤ ከዚያ ሌሎቹም ተከተሏት። ማታይ ከወንዶቹ መካከል ተቀምጦ ከንፋስ መውጫ ሴቶች አፍ የእናቱን ስም ሲሰማ ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

ራሔል የማታይ እኅት ዘንድ ሆና ትምህርቷን ቀጠለች። ማታይና አናማም ውላቸው ሲያልቅ ቶማስን ይዘው አገራቸው ገቡ። ወይዘሮ አልጣሽ እስከ ደብረ ታቦር ሸኟቸው። ቆርቆሮውን ቤት ለአንድ ዓመት ሳያከራዩ አቆዩት። በቀጣዩ መስከረም ከእስቴ የመጣ ወጣት አስተማሪ በሩን አንኳኳ፤ ቤቱ ባዶ ነው ብለውኝ ነው አለ። ወይዘሮ አልጣሽ አየት አደረጉት፤ ከሲታ ነው፣ ሻንጣው ከዝናብ ርሷል።

«ግባ ልጄ» አሉት፣ «በልተሃል?»